ሕገ መንግሥት በማን ፊት ይታረማል?

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ከምሁራን ጉባኤ ወጥቶ ወደ ቀበሌ አዳራሽ፣ ወደ ፋብሪካ ደጃፍና ወደ ዕድር ድንኳን ከወረደ ውሎ አድሯል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ተሰምቷል። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያተኩረው መለወጥ ባለበትና በሌለበት አንቀጽ ላይ ነው። ለሰፊው ሕዝብ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። አንቀጹን የሚለውጠው ማን ነው? በየትኛው በር ገብቶ ይለውጠዋል? ሕዝቡስ በዚያ ሰዓት የት ይገኛል?

ይህ ጥያቄ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆን ትታወቃለች። ተማሪው ድጓውን በየትም ደብር ቢማር፣ የድጓ መምህር ተብሎ ለመውጣት ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ማስመስከር ይጠበቅበታል። አንዲት የዜማ ምልክት ከቦታዋ ብትነቃነቅ ዜማው እንደሚለወጥ የሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ መጽሐፍ በጓዳ ተፍቆ በጓዳ እንዲጻፍ አይፈቅድም። እርማት የሚደረገው በጉባኤ ፊት ነው። ስለ አገር የበላይ ሕግ ስንነጋገርም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ልንጠይቅ አይገባንም።

የጀርመን ሠራተኞች እንቅስቃሴ መሪ የነበረው ፈርዲናንድ ላሳል እ.ኤ.አ. በ1862 በበርሊን ባደረገው ንግግር፣ የሕገ መንግሥት ጥያቄ በመሠረቱ የኃይል አሰላለፍ ጥያቄ እንጂ የወረቀት ጥያቄ አለመሆኑን አስገንዝቦ ነበር። በጽሑፍ የሰፈረው ሕግ በኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ተጨባጭ የኃይል ሚዛን ጋር ካልተጣጣመ ዕድሜ የለውም ማለት ነው። የአገራችን የሕገ መንግሥት ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። ይህን ታሪክ በቅጡ ለመረዳት አንድ መለኪያ በቂ ነው፤ እርሱም የማሻሻያው ቁልፍ በማን እጅ እንደነበረ መመርመር ነው።

በችሮታ የተሰጠ በችሮታ ይነሣል

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትና የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት በአርአያነት የተከተለው ይህ ሰነድ 55 አንቀጾች ነበሩት። በመቅድሙ እንደ ተገለጸው ሕገ መንግሥቱ ከሕዝብ የመነጨ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ነበር። ለተገዥው የተቆጠሩት ጥቂት መብቶችም በሕግ ወሰን የታጠሩ፣ ከንጉሠ ነገሥቱም የበላይ ሥልጣን በታች የቆሙ ነበሩ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የቆየ አባባል በዚህ ሰነድ አማካይነት በጽሑፍ ጸና እንጂ አልተሻረም።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 131 አንቀጾች ነበሩት፤ የመብቱም ዝርዝር እጅግ ሰፍቶ ነበር። የንብረት መብት፣ ያለ ሕግ ያለመታሰር መብት፣ ሥራን የመምረጥና በማኅበር የመደራጀት መብት በጽሑፍ ሰፈሩ። ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረ ግን የመጨረሻውን፣ የ131ኛውን አንቀጽ ያነበበ ይረዳል። ሕገ መንግሥቱ የሚሻሻለው የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ሦስት አራተኛው በሁለት የተለያዩ የስብሰባ ዘመናት አንድ ዓይነት ውሳኔ ሲያሳልፉና ንጉሠ ነገሥቱ ፈቅደው ሲያውጁት ነበር። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ለመመረጥ ደግሞ ባለንብረት መሆን ያስፈልግ ነበር። በመሆኑም ርስት የሌለው ጭሰኛ፣ መሬት የተነፈገው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሕጉን ለማረም ቀርቶ አራሚውን ለመሆን እንኳ መንገድ አልነበረውም። በበጌምድር ገጠር ከርስት ወጥቶ ይኖር ለነበረው ሙስሊምና ባለእጅ፣ የንብረት መብት በሕገ መንግሥት መጻፉ የሌለውን ንብረት አላስገኘለትም።

በዚያው ዘመን የሠራተኛው ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በማኅበር የመደራጀት መብት በ1948 ዓ.ም. ቢጻፍም የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ የወጣው በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የተመሠረተው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ላይ የተኛው መብት በነፍስ የተነሣው ሠራተኛው ራሱ በየድርጅቱ ተሰባስቦ በጠየቀ ጊዜ ነው።

የ1966 ዓ.ም. የካቲት ንቅናቄ በፈነዳ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱን በአዲስ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ለማዳን ሞከረ። ረቂቁ በነሐሴ ወር ተጠናቀቀ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም አብሮ ታገደ። ሕዝብ ያላጸደቀው ሕግ በፈረሰ ጊዜ ሕዝብ ሊከላከልለት አልወጣም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የጭሰኛን ሥርዓት የሻረው ያለ ሕገ መንግሥት ነው።

ውይይትና ውሳኔ አንድ አይደሉም

የቀበሌ አዳራሽ በሕገ መንግሥት ጉዳይ የተሞላበት ዘመን 1978 ዓ.ም. ነበር። 343 አባላት በነበሩት ኮሚሽን የተዘጋጀው ረቂቅ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ለከተማ ነዋሪዎችና ለገበሬዎች ማኅበራት ተሠራጨ፤ በ25,000 ያህል ሥፍራዎችም ውይይት ተካሄደበት። ሕዝቡ ስለ ግብር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ምርጫና ስለ ዜጎች ግዴታ አጥብቆ ጠየቀ። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው ድንጋጌ በተለይ በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። እንደ መንግሥት መግለጫ ከ500,000 በላይ የማሻሻያ ሐሳቦች ቀርበው በረቂቁ ላይ 95 እርማቶች ተደረጉ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ከመራጩ 96 በመቶ ድምፅ እንደሰጠና 81 በመቶው እንደደገፈው ተነገረ።

የዚህን ሂደት ሁለት ገጽታዎች ለይቶ ማየት ይገባል። በአንድ በኩል ተራው ሰው ሕገ መንግሥትን በእጁ ይዞ አንቀጽ በአንቀጽ እንዲነጋገርበት የተደረገበት ሰፊ መድረክ ነበር። በሌላ በኩል ግን በየአዳራሹ የተገኘው ሰው ሁሉ ወዶ የተገኘ አልነበረም፤ ከተደረጉትም እርማቶች አብዛኞቹ የአገሪቱን የሥልጣን አወቃቀር የሚነኩ አልነበሩም። የአንድ ፓርቲ መሪነት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተደንግጎ ነበርና ቁልፉ ከዘውዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ጥቂቶች እጅ ተላለፈ እንጂ ወደ አዳራሹ አልመጣም። ያ ሕገ መንግሥት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር ወደቀ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐሳብ መቀበልና ሥልጣን ማካፈል የተለያዩ ናቸው፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ብዛትም የውሳኔ መብቱን አይተካም።

አሥራ ሁለት ቁልፎች ያሉት በር

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከ106 አንቀጾቹ ውስጥ የሰውና የዴሞክራሲ መብቶች የሰፈሩት በምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ነው። ሰነዱ የመብቶቹን መጠበቂያ በር ከቀደሙት ሁሉ በተለየ መንገድ ሠርቶታል።

በአንቀጽ 104 መሠረት የማሻሻያ ሐሳብ ሊመነጭ የሚችለው ከሦስት ወገኖች ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው እያንዳንዳቸው በአብላጫ ድምፅ ሲደግፉት ሐሳቡ ለሕዝብና ማሻሻያው ለሚመለከታቸው ወገኖች ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል።

የማጽደቁ ሥርዓት በአንቀጽ 105 ሁለት ደረጃ አለው። ምዕራፍ ሦስትን፣ እንዲሁም አንቀጽ 104ንና 105ን ራሳቸውን ለማሻሻል ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከመስማማታቸውም በላይ፣ የክልል ምክር ቤቶች አንድም ሳይቀር ማጽደቅ አለባቸው። ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. በክልልነት ከተደራጁ በኋላ ቁጥራቸው 12 ደርሷል። ስለዚህ የመብቶቹ በር 12 ቁልፎች አሉት ማለት ይቻላል፤ አንዱ ክልል እንኳ እምቢ ቢል በሩ አይከፈትም። የቀሩትን አንቀጾች ለማሻሻል ግን የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልሎች ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም የስምንት ክልል ምክር ቤቶች ይሁንታ ይበቃል።

ይህ ቁጥር ከጉና ተረተር እስከ በሽሎ ሸለቆ ለሚኖረው ገበሬ ምን ይፈይድለታል? የመሬት ጉዳይ የተደነገገው በአንቀጽ 40 ሲሆን ይህ አንቀጽ በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው ድንጋጌ፣ ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብቱ ሁሉ በ12ቱ ቁልፍ ተቆልፏል። መሬት ይሸጥ የሚልም፣ አይሸጥ የሚልም ወገን ሐሳቡን የማቅረብ መብት አለው። ነገር ግን የትኛውም ወገን በአንድ ስብሰባ ጀንበር ሳትጠልቅ የገበሬውን ይዞታ ባሕርይ ሊለውጥ አይችልም።

አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ማስተላለፍ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ በተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን እንዲሰፍር የተደረገው ከዚህ መሠረት ተነሥቶ ነው። ቀድሞ በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት ትመለስ የነበረች ሴት ዛሬ ደብተሯን ይዛ ሽማግሌ ፊትም ፍርድ ቤትም ልትቀርብ ትችላለች። አንቀጽ 42 ደግሞ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኛውን፣ ገበሬውንና የእርሻ ሠራተኛውን የመደራጀት መብት፣ የሥራ ሰዓት ወሰንን፣ ዕረፍትንና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድን ያጠቃልላል። እነዚህ ሁሉ የመሶብና የጉልበት ጉዳዮች እንጂ የጠበቆች ብቻ መነጋገሪያ አይደሉም።

የጓሮ በሮች

የፊት በር በብርቱ መቆለፉ ብቻውን ቤትን አያስጠብቅም። የጓሮ በሮችም መመርመር አለባቸው። ቢያንስ ሦስቱን ማንሣት ይቻላል።

የመጀመሪያው በጸጥታ የሚደረግ ማሻሻያ ነው። የሕገ መንግሥት ምሁራን ደጋግመው እንደሚያስገነዝቡት፣ የጋራ ግብርን የሚመለከተው አንቀጽ 98 እና የሕዝብ ቆጠራን በየአሥር ዓመቱ የሚያዘው የአንቀጽ 103 ድንጋጌ ተሻሽለዋል፤ ሆኖም ማሻሻያዎቹ እንደ ማንኛውም ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው በሕዝብ እጅ አልገቡም። ሁለቱም በምዕራፍ ሦስት ያሉ አይደሉም፤ ይዘታቸውም ለክርክር የሚቀርብ ነው። የሚያሳስበው የአሠራሩ ልማድ ነው። ሕዝብ በእጁ የያዘው መጽሐፍ አንድ፣ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ሌላ ከሆነ «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚጮህ ሰው የትኛውን ሕግ ይጥራ?

ሁለተኛው በር ትርጉም ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ምርጫውን ባሰናከለ ጊዜ ምክር ቤትን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅ በአማራጭነት ቀርበው ነበር። የተመረጠው ትርጉም ሲሆን፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ ከሰማ በኋላ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ። የአምስት ዓመቱ የሥልጣን ዘመን በዚሁ ተራዘመ፤ ምርጫውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። ውሳኔውን የደገፉትም የነቀፉትም ወገኖች አንድ ነገር ማስተዋል ነበረባቸው። ትርጉም የሕጉን ቃል ሳይነካ ውጤቱን ሊያሰፋም ሊያጠብም ይችላል፤ የክልሎችን ይሁንታም፣ የሕዝብን ውይይትም አይጠይቅም። ውይይቱ በአደባባይ መሰማቱ የሚመሰገነው፣ የሚተረጎመው ነገር የሕዝብ ንብረት በመሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው በር አንቀጽ 93፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ድንጋጌ ነው። የአማራ ክልል ሕዝብ ይህን አንቀጽ ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ኖሮበታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሞ አሥር ወር ያህል ቆይቷል። አንቀጹ በዚህ ዓይነት ጊዜ ብዙ መብቶች እንዲታገዱ ይፈቅዳል፤ ፈጽሞ የማይነኩትን ግን በስም ይጠቅሳል። እነርሱም የአገሪቱ ስያሜ (አንቀጽ 1)፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18፣ የእኩልነት መብት (አንቀጽ 25) እና በአንቀጽ 39 የሰፈሩት የራስን ዕድል በራስ የመወሰንና የቋንቋና የባህል መብቶች ናቸው። በአንቀጽ 15 የተደነገገው የሕይወት መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን የሕይወት መብት በማናቸውም አስቸኳይ ጊዜ እንደማይታገድ ይደነግጋል። አንቀጽ 13ም የምዕራፍ ሦስት መብቶች ከእነዚህ ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ቢሆንም በትርጉም የሚገኝ ጥበቃና በግልጽ የተጻፈ ጥበቃ እኩል አይደሉም። ማሻሻል ካስፈለገ ከዚህ የሚቀድም አንቀጽ አይኖርም።

እዚህ ላይ የነገሩ ተቃርኖ ይገለጣል። አንቀጽ 93 በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስላልሆነ የሚሻሻለው በቀለለው ሥርዓት ነው፤ ስምንት ክልሎች ይበቃሉ። ይህ ቅለት የሕይወትን መብት በዝርዝሩ ለመጨመር መልካም ዕድል ይሰጣል። በዚያው በር ገብቶ ዝርዝሩን ማሳጠር፣ የስድስት ወሩን ገደብ ማርዘም፣ የመርማሪ ቦርዱን ሥልጣን ማዳከምም ይቻላል። በ12 ቁልፎች የተቆለፈው የመብት ጎተራ በስምንት ቁልፎች ከኋላ ሊሸነቆር ይችላል ማለት ነው። በጀርመን የቫይማር ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ የዜጎችን መብት በዝርዝር ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1933 በ48ኛው የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ አማካይነት እነዚያ መብቶች በአንድ ድንጋጌ ታገዱ፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በይፋ ሳይሻር በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ቀረ። የጀርመን ሕዝብ ከዚያ መከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው መሠረታዊ ሕግ የሰውን ክብር የሚመለከተውን መርህ በምንም ዓይነት ማሻሻያ እንዳይነካ አድርጎ ቆልፎታል።

ከሠፈር የሚጀምር ጥበቃ

ከላይ ከተዘረዘረው የምንደርስበት ድምዳሜ ማሻሻያን በጭፍን መቃወም አይደለም። ሕይወት በየጊዜው ይለወጣል፤ ሕግም አብሮ መራመድ ይገባዋል። የማይታረም ሕግ የ1948ቱ እንደሆነው በአንድ ቀን ይፈርሳል። ማሻሻያን በጭፍን መደገፍም አይደለም፤ በጥቂቶች እጅ የሚታረም ሕግ ለጥቂቶች ይታረማል።

አንቀጽ 104 ማሻሻያ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቅረብ ቢልም ውይይቱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ የሕዝቡም ቃል በምን መልክ እንደሚመዘን አይዘረዝርም። ይህ ክፍተት በግልጽ ሕግ መሞላት አለበት። እስከዚያው ግን የሠፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች እጃቸውን አጣጥፈው የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ማናቸውም የማሻሻያ ሐሳብ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ አዳራሽ ሲመጣ አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባል። የሚለወጠው ቃል ከነበረው ቃል ጎን ለጎን ተጽፎ በእጃችን ደርሷል ወይ? በየትኛው በር ነው የሚገባው፤ በ12ቱ፣ በስምንቱ ወይስ በትርጉም? ከሚለወጠው አንቀጽ ጀርባ በምዕራፍ ሦስት ካሉት መብቶች የሚነካ አለ ወይ? ከጸደቀስ በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይወጣል ወይ?

እነዚህን ለመጠየቅ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። ምዕራፍ ሦስት 32 አንቀጾች ብቻ ናቸው፤ በዕድር ስብሰባ፣ በሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ ወይም በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር በየሳምንቱ አንድ አንድ አንቀጽ ቢነበብ በስምንት ወር ውስጥ ይጠናቀቃል። ማንበብ የማይችለው እየሰማ፣ የሚችለው እያነበበ ቃሉን በልቡ ቢይዝ፣ አንድ ቃል ሲጎድል የሚያውቅ ሕዝብ ይኖራል። የአገርን ሕግ በጓዳ መፋቅ የሚቸግረው እንዲህ ዓይነት ሕዝብ ባለበት አገር ነው።